በሩ ተዘግቶ ስናገኘው

(ለድኅረ ምረቃ ተማሪዎችና ለጤና ባለሙያዎች ከቀረበ ንግግር የተጻፈ)

እንደምን ዋላችሁ። ሥራችሁን ትታችሁ ስለመጣችሁ ከልብ አመሰግናለሁ። ብዙዎቻችሁ መመረቂያ ጽሑፍ ልትጀምሩ ነው። አንዳንዶቻችሁ መጠይቅ ይዛችሁ ሰው ቤት ልትሄዱ ነው። ጥናት የማታጠኑትም «ጥናት እንደሚያሳየው» የሚል ዜና በየቀኑ ታነባላችሁ። ስለዚህ ጉዳዩ ሁላችሁንም ይነካል። ጥያቄው ይኼ ነው፦ በሥነ ልቦና ጥናት ውስጥ የሚሳተፈው ሰው እንዴት ይመረጣል?

ከአንድ የተዘጋ በር ልጀምር።

ከዓመታት በፊት በአንዲት ከተማ ቤት ለቤት ጥናት እናደርግ ነበር። ርዕሳችን ጭንቀትና እንቅልፍ ማጣት ነው። እኔ ተቆጣጣሪ ነበርኩ። ቤቶቹ በዕጣ ተመርጠዋል፤ የእያንዳንዱ ቤት ቁጥር በወረቀት ላይ አለ። በሁለተኛው ቀን ማታ አንዱ መረጃ ሰብሳቢ መጠይቆቹን አስረከበኝ። ጎበዝ ልጅ ነው። ጽሑፉ ንጹሕ፣ ሁሉም ጥያቄ የተሞላ። «ጋሼ፣ አንድም አልጎደለም» አለኝ። ደስ አለኝ። ከዚያ አንድ ወረቀት ላይ የቤት ቁጥሩ ተሰርዞ ሌላ ተጽፎ አየሁ። ሌላኛውም ላይ እንደዚያው።

«ይሄ ምንድነው?» አልኩት።

«ቁልፍ ሆኖብኝ ነው። ጎረቤቱን ሞላሁ።»

ልጁ አላጭበረበረም። ሰው አጣ፣ ከጎን ያለውን ጠየቀ። ብዙ ቦታ የሚደረግ ነው። ግን ያን ሌሊት የሁሉንም መጠይቆች አንድ በአንድ አገላበጥን። የመለሱልን በአብዛኛው ቀን ቤት የሚውሉ እናቶች፣ ጡረተኞችና የከሰዓት ፈረቃ ተማሪዎች ነበሩ። የቀን ሠራተኛው የለም። የባጃጅ ሹፌሩ የለም። ጉሊት የምትውለዋ ሴት የለችም። ሌሊት ጥበቃ አድረው ቀን የሚተኙ አንድ አባት ነበሩ፤ ሁለት ጊዜ ተንኳኩቶ በሩ አልተከፈተም። አስቡት። ስለ እንቅልፍ ማጣት እያጠናን፣ ያመለጡን እንቅልፍ ያጡት ሰዎች ናቸው።

በማግስቱ አሠራራችንን ለወጥን። የተዘጋ ቤት በጎረቤት አይተካም አልን። ሦስት ጊዜ ይኬዳል፤ አንዴ በሥራ ሰዓት፣ አንዴ ከምሽቱ 12 ሰዓት በኋላ፣ አንዴ እሑድ። ሥራው በቀናት ረዘመ። ወጪው ጨመረ። ተጨቃጨቅን። ከዚያ ወዲህ ግን አንድ ሐሳብ አልለቀቀኝም። ተሳታፊ መምረጥ ሲባል ሁላችንም የምናስበው ማን እንደሚጠየቅ ነው። ማን ሳይጠየቅ እንደቀረ ማወቅ የዚያኑ ያህል ሥራ ነው። ዛሬ የምነግራችሁ ሁሉ ከዚያ በር የሚመዘዝ ነው።

እኛ አገር ዕጣ ምን እንደሆነ ማስረዳት አያስፈልግም። ዕቁብ የገባ ሁሉ ያውቀዋል። ስም የተጻፈበት ወረቀት ይጠቀለላል፣ ይናወጣል፣ ሕፃን ልጅ ተጠርቶ ያወጣል። ሕፃኑ ለምን ይጠራል? ማን ገንዘቡን እንደሚፈልግ፣ ማን የዳኛው ወዳጅ እንደሆነ አያውቅማ። የናሙና ሳይንስም መሠረቱ ይኸው ነው። የምናጠናው ሕዝብ ውስጥ ያለ እያንዳንዱ ሰው የመመረጥ ዕድል ይኑረው፤ ዕድሉም ስንት እንደሆነ ይታወቅ። ይህ ከተሟላ የጥቂት ሺህ ሰዎች መልስ ስለ ሚሊዮኖች መናገር ይችላል። ወጥ የምትቀምስ እናት ድስቱን ሙሉ አትጠጣም። በደንብ ካማሰለችው አንድ ጭልፋ ይበቃታል።

ካላማሰለችውስ? ለዚህ አንድ ታሪክ ልንገራችሁ። (ካሁን በኋላ የምጠራቸው ዓመታት እ.ኤ.አ. ናቸው፤ የእኛን ዘመን ስጠቀም «ዓ.ም.» እላለሁ።) ታኅሣሥ 1 ቀን 1969 አሜሪካ ለቬትናም ጦርነት የሚመለመሉ ወጣቶችን በዕጣ ለየች። 366 የልደት ቀኖች በትናንሽ የፕላስቲክ ብልቃጦች ውስጥ ገቡ። ቀድሞ የወጣ ልደት ቀድሞ ይዘምታል። ዕጣው በቴሌቪዥን በቀጥታ ተላለፈ፤ ሁሉም ሰው አየው። በኋላ የስታቲስቲክስ ሰዎች ቁጥሩን ሲመረምሩ ነገሩ አላማራቸውም። በዓመቱ መጨረሻ ወራት የተወለዱ ልጆች ከሌሎቹ ይልቅ ቀደም ብለው ወጥተው ነበር። ምክንያቱ ቀላል ነው። ብልቃጦቹ ከጥር ጀምሮ በወር በወር ነው የገቡት፤ የታኅሣሦቹ መጨረሻ ገቡ፤ በደንብ አልተደባለቁም። ማንም ሊያዳላ አላሰበም። ግን ልጅ በታኅሣሥ ስለተወለደ የመዝመት ዕድሉ ጨመረ። ዕጣ ማውጣት ብቻውን አይበቃም የምላችሁ ለዚህ ነው። እናንተም «በዘፈቀደ መረጥን» ብላችሁ ስትጽፉ እጃችሁ ምን እንዳደረገ ጻፉ። መንገድ ላይ ያገኛችሁትን ሰው ማስቆም ዕጣ አይደለም። ዓይናችሁ ይመርጣል። ፊቱ የተፈታውን፣ ያልቸኮለውን፣ እናንተን የሚመስለውን ነው የምታስቆሙት።

ዕጣው በደንብ ቢናወጥስ? አሁንም አንድ ጥያቄ ይቀራል። ዝርዝሩ ውስጥ ማን አለ? በሐምሌ 2014 ዓ.ም. አዲስ አበባ ላይ የወጣውን የኮንዶሚኒየም ዕጣ ታስታውሳላችሁ። ለዕጣው ብቁ ያልሆኑ ሰዎች መረጃ ውስጥ መግባቱ ተገልጾ ዕጣው ተሰረዘ። ዓመታት ቆጥበው የጠበቁ ሰዎች ያን ቀን የተሰማቸውን ብዙዎቻችሁ በቤታችሁ አይታችኋል። ለእኛ ሙያ ከዚህ የበለጠ ግልጽ ምሳሌ አላገኘሁም። ኮምፒውተሩ ስሞቹን የቱንም ያህል በትክክል ቢያናውጥ፣ ዝርዝሩ ከተበላሸ ዕጣው ተበላሽቷል። ከጥናት ዝርዝር ላይ የቀረ ሰው ግን ብዙ ጊዜ መቅረቱን ራሱ አያውቅም። ስለዚህ አይጮህም።

በዚህ ላይ የታወቀው ስሕተት የአንድ የአሜሪካ መጽሔት ነው። ሊተራሪ ዳይጀስት ይባላል። በ1936 ሩዝቬልት ወይስ ላንደን ፕሬዚዳንት ይሆናል ብሎ ለመተንበይ 10 ሚሊዮን ገደማ የመጠየቂያ ካርድ በፖስታ ላከ። ከ2 ሚሊዮን በላይ ተመለሰለት። በዚያ መረጃ ላንደን በ57 በመቶ ያሸንፋል አለ። ሩዝቬልት 61 በመቶ ገደማ አግኝቶ ከ48 ግዛቶች 46ቱን ጠራርጎ ወሰደ። ጆርጅ ጋለፕ የተባለው ሰው ደግሞ 50,000 ያህል ሰው ብቻ ጠይቆ አሸናፊውን በትክክል ተናግሮ ነበር። መጽሔቱ ሁለት ዓመት ሳይቆይ ተዘጋ።

መማሪያ መጻሕፍት ብዙ ጊዜ ጥፋቱን በዝርዝሩ ላይ ያላክካሉ። ስሞቹ የተወሰዱት ከስልክ ማውጫና ከመኪና ምዝገባ ነው፤ በዚያ የድህነት ዘመን ስልክና መኪና ያለው ደግሞ ሀብታም ነው ይላሉ። እውነት ነው፤ ግን ግማሹ ነው። ፔቨሪል ስኳየር የተባለ ተመራማሪ በ1988 የዚያን ዘመን መረጃ ፈትሾ ሌላ ነገር አሳየ። ካርዱ የደረሳቸው ሁሉ ቢመልሱ ኖሮ መጽሔቱ ቢያንስ አሸናፊውን አይስትም ነበር። ካርዱን ሞልተው የላኩት በብዛት የላንደን ደጋፊዎች ናቸው። የሩዝቬልት ሰዎች ካርዱን አስቀመጡት። እንግዲህ በዚያ ታሪክ ውስጥ ትልቁ ቁጥር 2 ሚሊዮኑ አይመስለኝም። ዝም ያሉት 7 ሚሊዮን ከምናምን ሰዎች ናቸው። ተማሪዎች «ስንት ሰው ይበቃል?» ብለው ሲጠይቁኝ ይህን እነግራቸዋለሁ። 400 ሰው ጠይቃችሁ 390ው ከመለሱላችሁ፣ 4,000 ጠይቀው 900 ከተመለሰላቸው ሰዎች ይልቅ እናንተን አምናለሁ።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንግባ፤ ወደ ሥነ ልቦና። የእኛ ሙያ ትልቁ ድክመት ምቾት ነው። ክፍል ውስጥ የተቀመጡ ተማሪዎች አሉ። መጠይቁን ታድላላችሁ፣ በ20 ደቂቃ ትሰበስባላችሁ። ይህን አመቺ ናሙና እንለዋለን። ኩዊን ማክኒማር የተባለ አሜሪካዊ በ1946 አስቀድሞ ጽፎታል፤ የሰው ባሕርይ ሳይንስ የምንለው በአብዛኛው የሁለተኛ ዓመት የኮሌጅ ተማሪዎች ባሕርይ ሳይንስ ነው ብሎ። ከ60 ዓመት በኋላ ጄፍሪ አርኔት ስድስት ትልልቅ የአሜሪካ የሥነ ልቦና መጽሔቶችን ቆጠረ። በ2008 ያወጣው ውጤት፦ ከተሳታፊዎቹ 68 በመቶ አሜሪካውያን ናቸው፤ 96 በመቶ ደግሞ ከምዕራባውያን የበለጸጉ አገሮች። እነዚያ አገሮች የዓለም ሕዝብ 12 በመቶ ገደማ ናቸው። የቀረው ዓለም፣ እኛንም ጨምሮ፣ ያልተንኳኳ በር ነው።

ሁለት ዓመት ቆይቶ ሄንሪክ፣ ሃይንና ኖሬንዛያን የተባሉ ሦስት ተመራማሪዎች አንድ የሚያነጋግር ጽሑፍ አወጡ። ከአንድ ወገን ሰው ብቻ መምረጥ ምን እንደሚያመጣ ብዙ ማስረጃ ሰብስበዋል። እኔን በጣም የገረመኝ የሁለት መስመሮች ነገር ነው። እኩል የሆኑ ሁለት መስመሮች አሉ፤ የአንዱ ጫፎች እንደ ቀስት ወደ ውስጥ የታጠፉ፣ የሌላው ወደ ውጭ የተከፈቱ። እኛ ስናያቸው አንዱ ይረዝምብናል። ይህ ዓይን የተፈጠረበት ሁኔታ ነው፣ የትም ያለ ሰው እንዲሁ ያያል ተብሎ ይታሰብ ነበር። በ1966 የታተመ ጥናት ግን በብዙ ማኅበረሰቦች ሞክሮት ልዩነቱ ሰፊ ሆኖ ተገኘ። በአሜሪካዋ ኤቫንስተን ያሉ ተማሪዎች ዓይናቸው በእጅጉ ሲሸወድ፣ በካላሃሪ በረሃ የሚኖሩ ሳን አዳኞች ግን ከነጭራሹ አልተሸወዱም ማለት ይቻላል። ዓይን እንኳ እንዲህ ከሆነ ስለ ኀዘን፣ ስለ ይሉኝታ፣ ስለ ልጅ አስተዳደግ የተጻፈውንስ?

የልጅ አስተዳደግ ካልኩ አይቀር የማርሽሜሎውን ፈተና ላንሳ፤ ብዙ ወላጆች ሰምተውታል። ዋልተር ሚሸል በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ለልጆች ጣፋጭ ያስቀምጥላቸዋል። «አሁን ከበላህ ይህን አንዱን፣ እስክመለስ ከታገስክ ሁለት» ይላቸዋል። ከዓመታት በኋላ ሲያዩ የታገሡት ልጆች በትምህርትም የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ዓለም ሁሉ ተቀበለው፤ ልጅህን ትዕግሥት አስተምር፣ ሕይወቱ ይቃናል ተባለ። ልጆቹ ግን የእነማን ልጆች ነበሩ? በአብዛኛው በዚያው ግቢ የሚሠሩና የሚማሩ ሰዎች ልጆች ናቸው። በ2018 ዋትስ፣ ደንከንና ኳን የተባሉ ተመራማሪዎች ከ900 በላይ ልጆች ያሉበትን መረጃ ወስደው ደገሙት። ትኩረታቸው እናቶቻቸው ኮሌጅ ባልጨረሱ ልጆች ላይ ነበር። በትዕግሥቱና በትምህርት ውጤቱ መካከል ያለው ዝምድና በግማሽ ያህል አነሰ። የቤተሰቡን ሁኔታና የልጁን የቀድሞ ችሎታ ግምት ውስጥ ሲያስገቡ ከዚያም ላይ ሁለት ሦስተኛው ተቀነሰ። በዚያው ዓመት የወጣ ሌላ ጥናት ደግሞ የካሜሩን ንሶ ገበሬዎችን ልጆች ከጀርመን ልጆች ጋር አወዳደረ። ከ10 የንሶ ልጆች 7ቱ ያህል ታግሠው ጠበቁ፤ ከጀርመኖቹ 3ቱ ያህል። ያን ሁሉ ዓመት ስለ ትዕግሥት ሲጻፍ የአፍሪካ ገበሬ ልጅ አልተጠየቀም ነበር።

ይህን ስናገር ጣታችንን ወደ ውጭ ብቻ አንቀስር። እኛም ያንኑ እናደርጋለን። «የኢትዮጵያ ወጣቶች የራስ መተማመን» የሚል ርዕስ ይጻፋል፤ ተሳታፊዎቹ የአንድ ዩኒቨርሲቲ የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች ናቸው። በ2015 ዓ.ም. መጀመሪያ በተሰጠው የ12ኛ ክፍል ፈተና 50 በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከተፈታኞቹ 3.3 በመቶ ብቻ ነበሩ። በሪሚዲያል የገቡትን ብትጨምሩም ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ የምታገኙት ወጣት ከብዙ ወንፊት የተረፈ ነው። 12ኛ ክፍል ያልደረሰው፣ ሊስትሮ የሚሠራው፣ አረብ አገር የሄደችው፣ እርሻ ላይ ያለው፣ እነሱም የኢትዮጵያ ወጣቶች ናቸው። ርዕሳችሁን «የአንደኛ ዓመት ተማሪዎች» ብላችሁ ብትጽፉ አታፍሩበት። እውነት ነውና።

ፍትሐዊ ልሁን። አመቺ ናሙና ሁልጊዜ ኃጢአት አይደለም። አንድ የማስታወስ ዘዴ ከሌላው ይሻል እንደሆነ ለመፈተን 60 ተማሪ ወስዳችሁ በዕጣ ለሁለት ብትደለድሏቸው፣ ንጽጽሩ በእነሱ መካከል ትክክል ነው። በዕጣ መምረጥና በዕጣ መደልደል ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመመረቂያ ጽሑፍ መከላከያ ላይ ተማሪ ሲጨነቅ የማየው ብዙ ጊዜ እዚህ ላይ ነው። መደልደሉ «ልዩነቱን ያመጣው ዘዴው ነው» እንድንል ያስችለናል። መምረጡ «ይህ ለሌሎችም ይሠራል» እንድንል ያስችለናል። አንዱ የሌላውን ሥራ አይሠራም።

ፈቃደኞችም የራሳቸው ነገር አላቸው። ማንንም አስገድደን አናጠናም፤ ይህ የማይነካ መርሕ ነው። ግን ፈቃደኛ ሆኖ የሚመጣ ሰው ካልመጣው ይለያል። በ1971 ፊሊፕ ዚምባርዶ ስታንፎርድ ላይ ያደረገውን የእስር ቤት ሙከራ ሰምታችኋል። በቀን 15 ዶላር የሚከፍል፣ ስለ እስር ቤት ሕይወት የሚደረግ ጥናት ብሎ በጋዜጣ አስነገረ። ከ70 በላይ ሰው አመለከተ፣ 24 ተመረጡ፣ በዕጣ እስረኛና ጠባቂ ሆኑ። ጠባቂዎቹ በእስረኞቹ ላይ ጨከኑ፤ ሙከራው በስድስተኛው ቀን ቆመ። ትርጉሙም ማንኛውንም ደህና ልጅ ሥልጣን ብትሰጠው ይጨክናል ተባለ። በ2007 ካርናሃንና ማክፋርላንድ አንድ ቀላል ነገር አደረጉ። ሁለት ማስታወቂያ አወጡ። ቃሉ አንድ ዓይነት ነው፤ አንደኛው ላይ «የእስር ቤት ሕይወት» የሚለው አለ፣ ሌላው ላይ የለም። በእስር ቤቱ ማስታወቂያ የመጡት ተማሪዎች ቁጡነታቸውና በሰው ላይ የመሠልጠን ዝንባሌያቸው ከሌሎቹ ከፍ ያለ፣ ርኅራኄያቸው ዝቅ ያለ ሆኖ ተገኘ። ስለዚህ በዚያ ሙከራ የተሰበሰቡት «ማንኛውም ልጅ» ላይሆኑ ይችላሉ። በሁለት ቃል በር ላይ ተመርጠው ይሆናል።

እኛ ዘንድ ደግሞ መራጩ ብዙ ጊዜ ሌላ ሰው ነው። ገጠር ትሄዳላችሁ፤ ደብዳቤ ይዛችሁ ቀበሌ ትገባላችሁ። ሊቀመንበሩ በደስታ ይቀበላችኋል። «ሰው ልሰብስብላችሁ» ይላል። በማግስቱ 12 ሰው ዛፍ ሥር ተቀምጦ ይጠብቃችኋል። ሞዴል አርሶ አደሩ፣ የሴቶች ተጠሪዋ፣ ስብሰባ የለመዱት፣ አንደበታቸው የተፈታ። የሚናገሩት ይጥማል። ከመንገዱ በላይ ያለችው ባሏ የሞተባት ሴት ግን አልተጠራችም። ሊቀመንበሩ ክፉ ሰው ሆኖ አይደለም፤ ለእንግዳ ደህና ደህናውን ማቅረብ ነው የለመደው። መፍትሔው በትሕትና የነዋሪዎችን መዝገብ መጠየቅና ስሙን ከመዝገቡ በዕጣ ማውጣት ነው። ሰው ፊት ብታወጡት ደግሞ ማንም አይቀየምም። ዕቁብ ያለበት አገር ነው።

ቤት ውስጥም ከገባችሁ በኋላ ምርጫው አላለቀም። ሌስሊ ኪሽ የተባለ በሃንጋሪ የተወለደ አሜሪካዊ በ1949 ለዚህ መላ አበጀ። በቤቱ ያሉ አዋቂዎች በዕድሜና በጾታ ይመዘገባሉ። አስቀድሞ የተዘጋጀ ሠንጠረዥ አለ፤ ከእነዚያ ውስጥ ማን እንደሚጠየቅ እሱ ይወስናል። ወረቀት ላይ ቀላል ነው። ቤት ውስጥ ግን እንዲህ ይሆናል። አባወራው ጋቢያቸውን አስተካክለው «ጠይቀኝ» ይላሉ። ሠንጠረዡ ያወጣው የ19 ዓመት ልጃቸውን ነው።

«አባባ፣ የዛሬው ዕጣ ለልጅዎ ነው የወጣው።»

«እኔ ቁጭ ብዬ? እሷ ምን ታውቃለች?»

እዚህ ላይ ነው የመረጃ ሰብሳቢ ሙያ የሚታየው። መመሪያ አንብቦ የማይመጣ ነገር ነው። ይቀመጣል፣ ቡና ከመጣ ይጠጣል፣ አባትን በአክብሮት ያጫውታል። «እርስዎማ ብዙ ያውቃሉ፤ ግን እሷ የሚሰማትን እሷ ብቻ ናት የምታውቀው» ይላል። ከዚያ ልጅቷን ለብቻዋ የሚያነጋግርበት ጥግ ይፈልጋል። ችኩል ሰው አባትየውን ጠይቆ ይሄዳል፤ በወረቀቱ ላይ አይታወቅም። በመቶ ቤት እንዲህ ከሆነ ግን ጥናቱ የአባወራዎች ጥናት ሆኗል። የምሠራው ከማን ጋር እንደሆነ የምለየው በዚህ ነው። ለመረጃ ሰብሳቢዎች ሥልጠና አንድ ቀን ተጨማሪ ስጧቸው፤ አበላቸውንም አትቁረጡ። የጥናታችሁ ግማሽ እነሱ እጅ ነው።

በትልቅ ደረጃ እንዴት እንደሚሠራ ማየት የሚፈልግ የ2016ቱን የኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ይመልከት። የሥነ ልቦና ጥናት አይደለም፤ አመራረጡ ግን ያስተምራል። የአገሩን ቤት ሁሉ አንድ በአንድ መዘርዘር ስለማይቻል መጀመሪያ 645 የቆጠራ ቦታዎች በዕጣ ተለዩ፤ 202 ከከተማ፣ 443 ከገጠር። ከዚያ በተመረጡት ቦታዎች ብቻ ቤቶቹ እንደገና ተመዘገቡ፤ ከእነዚያም 18,008 ቤተሰብ ወጣ። የተዘጋን ቤት በሌላ መተካት አይፈቀድም። ያልተገኙትም ተቆጥረው በሪፖርቱ ተጽፈዋል፤ ቃለ መጠይቁን የሰጡት 16,650 ናቸው። ለዝርዝሩ መነሻ የሆነው የ1999 ዓ.ም. የሕዝብ ቆጠራ ነው። ከዚያ ወዲህ ቆጠራ አልተደረገም። ስንት ሰፈር ፈርሶ ስንት ተሠራ? ለዚህ ነው ቤቶቹን እንደገና በእግር ዞሮ መመዝገብ የሚያስፈልገው።

ዝርዝር ጭራሽ የሌላቸው ሰዎችስ? እዚህ ላይ ቡታጅራን ሳላነሳ አላልፍም። ከአዲስ አበባ በስተ ደቡብ 130 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። እዚያ የኢትዮጵያ ተመራማሪዎች ከ68,000 በላይ ሰዎችን ቤት ለቤት ሄደው ስለ ከባድ የአእምሮ ሕመም አጠኑ። ሆስፒታል ውስጥ ካሉ ሕሙማን መረጃ መውሰድ ይቀላቸው ነበር። ግን ሆስፒታል የሚደርሰው ገንዘብ ያለው፣ አምጪ ዘመድ ያለው፣ ወይም ሰው የሚያውክ ሕመምተኛ ነው። ዝም ብሎ ጓዳ የተቀመጠው አይደርስም። ተመራማሪዎቹ መጠይቅ ብቻ አልያዙም። አካባቢውን የሚያውቁ ሰዎችንም ጠየቁ። «ከሰው የተለየ፣ ባሕርይው የተለወጠ ሰው ታውቃላችሁ?» አንዱ ዘዴ ያመለጠውን ሌላው ያዘ። ስኪዞፍሬንያ የተባለው ከባድ የአእምሮ ሕመም ካለባቸው መካከል አብዛኞቹ ዘመናዊ ሕክምና አግኝተው የማያውቁ ነበሩ። ሐኪም ቤት በር ላይ ቆመን ብንቆጥር ኖሮ እነዚያ ሰዎች በሳይንሱ ዘንድ የሉም ነበር።

ሌላው የእኛ ጉዳይ አረብ አገር ያሉ እህቶቻችን ናቸው። ከ2013 መጨረሻ እስከ 2014 መጀመሪያ ከሳዑዲ አረቢያ ከ160,000 በላይ ኢትዮጵያውያን ተመልሰዋል። ስለ ሥነ ልቦናቸው ብዙ ተጠይቀዋል፤ መጠለያ ውስጥ ስለሚገኙ። አሁንም አሠሪ ቤት ያለችውን፣ ስልኳ የተወሰደባትን፣ ማን ጠየቃት? ለእንዲህ ዓይነት ሰዎች አንዷ ሌላዋን እንድትጠቁም እናደርጋለን፤ ተሳታፊ ተሳታፊ ያመጣል። ችግሩ ጓደኛ ጓደኛዋን ነው የምታመጣው። ሳታውቁት 40ዎቹም የአንድ ወረዳ ልጆች ይሆናሉ። ዳግላስ ሄካቶርን በ1997 ይህን የሚያርም ዘዴ አቀረበ። እያንዳንዷ የምታመጣው ሰው ቁጥር በኩፖን ይወሰናል፤ ብዙ ሰው የምታውቀዋ ሁሉን እንዳታጥለቀልቀው። ማን ማንን እንዳመጣ ይመዘገባል፤ «ስንት እንዲህ ያለች ሴት ታውቂያለሽ?» ተብላ ትጠየቃለች፤ ስሌቱም በዚያ ይስተካከላል። ይህንንም ቢሆን ስትጠቀሙ ስም አትጻፉ። አንዲት ሴት የጓደኛዋን ስልክ ስትሰጣችሁ የጓደኛዋን ደኅንነት ነው የሰጠቻችሁ። ኩፖኑን ለእሷ ስጧት፤ ጓደኛዋ ከፈለገች ራሷ ትደውል።

ሰዓቴ እያለቀ ነው። ያን የጥበቃ ሠራተኛ አባት ነገር ልጨርስላችሁ። ሦስተኛው ቀጠሮ እሑድ ከሰዓት ነበር። ከዚያ መረጃ ሰብሳቢ ልጅ ጋር አብረን ሄድን። አንኳኳን። ከፈቱ። ዓይናቸው ቀልቷል። ለምን እንደመጣን ነገርናቸው።

«እኔን ማን መረጠኝ?» አሉ።

«ዕጣ ነው አባባ። ዕጣ ወጥቶልዎት ነው።»

ትንሽ ዝም አሉ። «ዕጣ ወጥቶልኝ አያውቅም» አሉና ወንበር አወጡልን። ልጁ መጠይቁን ከፈተ። ጥያቄ 7 ላይ ደረሰ። በቀን ስንት ሰዓት ይተኛሉ?

«አራት። በር የሚያንኳኳ ካልመጣ።»

ሁለቱን ጊዜ ያንኳኳነው እኛ ነበርን። ልጁ ብዕሩን አቁሞ አየኝ። ይቅርታ ጠየቅናቸው።

«ግድ የለም» አሉ። «ጻፈው።»